ከወይራው በታች ያለው አፈር

አጥናፉ ከሁለት የአፈር መዛቂያዎች አንዱን ለመምረጥ ወደ ግሪኩ ነጋዴ ግቢ ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ከአራዳ ገበያ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወርደውን መንገድ ስንደለድል። አጥናፉ የሠራተኞቹ አለቃ ነበር። እኔ ከትራክተሩ ኋላ የምሠራ ነኝና ምርጫው ከማንም ይልቅ ወገቤን ይመለከተው ነበር።

ትልቁ መዛቂያ መንኮራኩር አለው። ትራክተሩ ይጎትተዋል፣ ነጂው ገመዱን ሲስብ ስለቱ ይወርዳል፣ አንዴ ሲያልፍ የሃያ ሰው አካፋ የማያነሳውን አፈር ይዞ ይሄዳል። ትንሹ ግን እንደ ትልቅ ጭልፋ መሬት ለመሬት የሚጎተት ነው። አንድ ሰው ከኋላ እጀታውን ሲጫነው ይቆርጣል፣ ሲያቃናው ይተዋል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ።

«ትልቁን እንውሰድ፤ እኔም የምታዝንልኝ እናት አለኝ» አልኩት በቀልድ።

አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቀ አውቃለሁ።

ሚስቱ ደብሪቱ የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ነው። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ፍትሐት የለውም፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥም አይቀበርም። ያቺ ጨቅላ ምን በደለች? ካህናቱን ጠይቄ የረባ መልስ አላገኘሁም። እናም ከአጥሩ ውጭ፣ አሁን መንገዱ ሊቆርጠው ካለው ዳገት ላይ ተቀበረች። አጥናፉ ያን ሰሞን አገር ቤት ነበር፤ ደብሪቱ አራስ ስለሆነች ከቤት አትወጣም። ሕፃኗን የቀበራት የደብሪቱ ታላቅ ወንድም ወርቅአፈራሁ ነው። «ከወይራው ሥር ናት» አላት። ስምንት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ከወይራው ሥር ተቀምጣ ትመለሳለች።

ያን ዕለት ጠዋት ባሏን ለምናው ነበር። «አፈር ስሆን፣ ትልቁን አያምጡብኝ። እሱ ከገባ ዛፉንም አይምርም። ሰው የሚይዘውን ያምጡ።»

ሥራውን የሚመራው የውጭ አገር መሐንዲስ መንገዱን ከክረምት በፊት ጨርሱ ብሏል። ግሪኩም ሊሸጥ የቆመ ሰው ሆኖ ሳለ «ትንሹ ለጓሮ አትክልት ነው» ብሎ ሳቀ። አጥናፉ ትንሹን አስጫነ።

ጀመርን። ወይራው ዙሪያ ስንደርስ አጥናፉ ራሱ ከፊቴ እየሄደ «እዚህ አቅናው፣ እዚህ ተጫነው» እያለ አዞረኝ። ዛፉ ከነአፈሩ ቆሞ ቀረ። ታዲያ በተውነው ልክ አፈር ጎደለ፤ ታች ያለውን ፈፋ የምንሞላበት አጣን። መሐንዲሱ ተቆጣ። አጥናፉም ከወይራው በታች ያለውን ጥግ ቁረጥ አለኝ። ትልቁ መዛቂያ ቢሆን መዞሪያ አጥቶ እዚያ ጥግ አይገባም ነበር፤ የእኛው ትንሽ ገባ። አፈሩ ድንጋይ የሌለው፣ ለስላሳ ነው። ክንዴ ያረፈው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ደስ ብሎኝ እያንጎራጎርኩ ቆረጥኩት።

ሳንጨርስ ዝናቡ ገባ። አጥናፉን ከአለቃነት አውርደው ከእኛ ጋር ድንጋይ ተሸካሚ አደረጉት። ቅር አላለውም። «ወይራው ቆሟል» ይል ነበር።

ወርቅአፈራሁ ለንግድ ጅማ ከርሞ በመስቀል ማግስት ተመለሰ። አጥናፉ ቤት ጠላ ይዘን ተቀምጠናል። ደብሪቱ እየቀዳች ዛፉ እንዴት እንደተረፈ፣ ባሏም ምን እንደከፈለበት ለወንድሟ አጫወተችው። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። እሱ ግን ዋንጫውን አስቀመጠ።

«ከታች ያለውን ጥግስ?» አለ።

«እሱን ቆርጠነዋል» አለ አጥናፉ።

ወርቅአፈራሁ ቀና ብሎ እኅቱን አያት። «እቴ፣ የወይራው ሥር ድንጋይ ነበር። ብቆፍር ብቆፍር ከጉልበቴ አላለፈም። የአራዳን ጅብ ታውቂዋለሽ፤ ጥልቅ ይሁንላት ብዬ ወደ ጥጉ ወረድኩ። አንቺ ምልክት ስትጠይቂኝ ጊዜ ወይራውን ነገርኩሽ። ባዶ ሜዳ ከምታዪ ዛፍ ይሻልሻል ብዬ።»

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኛ ግን በገዛ እጃችን ሄደን አመጣነው። ያን ጥግ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አጥንት አላየሁም፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ከአንዲት ጨቅላ ምን ይተርፋል? ልቤ ግን ተሰበረ።

ደብሪቱ ወንድሟን አልወቀሰችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ያን አፈር የት ወሰዳችሁት?»

መዋሸት ይቻለኝ ነበር። ከዚህ ያደረሰን ግን በደግነት የተነገረ ውሸት ነውና እውነቱን ነገርኳት። «ፈፋውን ሞላንበት፣ እትዬ። መንገድ ሆኗል።»

«ከየትኛው ላይ ናት?»

«ተበትኖ ተደልድሏል። የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።»

አጥናፉ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ደብሪቱ እንስራውን ከድና ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ያን መንገድ ረግጣው አታውቅም። ወደ ገበያ ስትወጣም ስትወርድም ዳር ዳሩን፣ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ትሄዳለች። በክረምት ጭቃው እስከ ባቷ ይደርሳል። በቅሎ የሚነዱት «እመት፣ ይህን የመሰለ መንገድ እያለ?» ይሏታል። ቦዩን ይዛ ታልፋለች። አጥናፉም ዘንቢሏን ይዞ ከኋላዋ በጭቃው ይሄዳል።