ፊት ወደ ግድግዳ

የባንኩ ካዝና በአንድ ሰው አይከፈትም። አንዱ የምስጢር ቁጥሩን ሲያዞር ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳ ይመልሳል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ገንዘብ ያዥዋ ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ባልደረባዋ ጋር እንዲህ ስትከፍት ኖራለች። ሌላ ሰው የሚወደውን ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠግባል፤ የእሷ ድርሻ ግድግዳና ከጀርባዋ የሚመጣ ድምፅ ነበር።

«እንዳታዪ፣ አንቺ ሌባ!» ይላታል።

«ደግሞ ምን አለህና ነው የማየው?»

ይስቃሉ። ከዚህ ያለፈ ቃል አልተነጋገሩም፤ ነገ አለ ብለው ይሆናል። ነገማ ጦርነት ይዞ መጣ። ተጠርቶ ዘመተ፤ ቁስለኛ ተሸክሞ ሲመለስ ተመትቶ ወደቀ።

ዛሬ ባንኩ ሳይከፈት ፎቶውን አዳራሹ ውስጥ ሊሰቅሉለት ባልደረቦቹና ቤተሰቡ ተሰበሰቡ። ከመታወቂያው ላይ ያሳደጉት ፎቶ ነው፤ ኮስተር ብሎ ብድር ከልካይ መስሏል። እሱን! የተቆጣ ደንበኛ አስቆ የሚሸኘውን! ሥራ አስኪያጁ «ታታሪ ሠራተኛ» አለ፤ ቃል ሲጠፋው ደግሞ «ታታሪ» አለ። ገንዘብ ያዥዋ ከኋላ፣ ከጥበቃው አጠገብ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ከፊት የሚቀመጠው ቤተሰብ ነው፤ እሷ ምኑ ናት? ባልደረባ አልቅሶ ወደ ሥራው ይመለሳል። እሷ ግን ከአዲሱ ሰው ጋር ካዝናውን ስትከፍት ዛሬም ጆሮዋ የእሱን ድምፅ ይጠብቃል። ናፍቆቱ አንጀቷን ሲበላት ለማን ትንገር?

ሰው ሲበተን እናቱ ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ ቀሩ። በእጃቸው ጠሯት።

«ካዝናውን ከሱ ጋር ትከፍቺ የነበርሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትደብቂኝ። ልጄ የሚወዳት ሰው ነበረችው?»

ይውደዳት አይውደዳት አታውቅም፤ የማታውቀውን ነግራ እኚህን እናት ማታለል አልሆነላትም።

«የምትወደው ነበረች» አለች።

«ያውቅ ነበር?»

«አልነገረችውም።»

እናትየው ትኩር ብለው አዩዋት። እንባዋ አገጯ ደርሷል፤ አልጠረገችውም።

«ምን ያለችው ሞኝ ናት!» አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። ቦርሳቸውን ከአግዳሚው አንስተው መሬት አኖሩና እጇን ሳቧት። «ነይ፣ ቁጭ በይ እዚህ። እኔ እኮ ብቻዬን የማለቅስለት መስሎኝ ነበር።»