ያነከሰው ድስት

አማቹ ትዳር ይዞ በአማቱ ቤት መኖር በጀመረ በአራተኛው ዓመት እንኳ የማእድ ቤታቸውን ደፍ ተሻግሮ አያውቅም። ውኃ ሊጠጣ ብድግ ካለ፣ «ኧረ በሞቴ! እንግዳችን ይቀመጡ» ይባላል፤ ብርጭቆውም ካለበት ድረስ ይመጣለታል። ሚስቱ ይህን ክብር ነው ትለዋለች። እርሱ ግን በጨዋ ደንብ ከቤተሰቡ ውጭ መቀመጡን ያውቅ ነበር።

ከሳሎን ሆኖ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው። አማቱ በቀኝ እጃቸው ሲያማስሉ በግራቸው የድስቱን ጆሮ ጨምድደው ይይዛሉ፤ ከለቀቁት ያነክሳል። በጋዝ ምድጃው ላይ ድስት ከሚጣድባቸው የብረት ፍርግርጎች ከአንደኛው ሥር የታጠፈች ቆርቆሮ ሸጉጠዋል፤ እሷም አልረዳችም። ጥፋቱን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሟች ባላቸው ላይ ጥለው ኖረዋል። «ነፍሱን ይማረውና፣ ወለሉን አጣሞ አሠርቶብኝ ሄደ!»

እናትና ልጅ አራስ ሊጠይቁ ሄደው ቤቱ ለሁለት ቀን ለእርሱ ሲቀር፣ እንግድነቱን የሚሽርበት ቀን የመጣ መሰለው። ምድጃውን አጽድቶ ይጠብቃቸዋል። አራቱ ፍርግርጎች ወፍራምና ከባድ፣ እንደ ከሰል የጠቆሩ ነበሩ። እርሱ የላቦራቶሪ ሰው ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ብልቃጥ ሲያጥብ ነው። በእርሱ እምነት ጥቁር ነገር ሁሉ እድፍ ነው፤ በሳሙና ተዘፍዝፎ የማይለቅ እድፍም የለም። ዘፈዘፋቸው። በማግስቱ ጠዋት በሽቦ ሲፈገፍግ ጥቁሩ ተልጦ ግራጫ ብረት ብቅ አለ፤ ደረቱን ነፋ። ደርድሯቸው ቁርሱን በልቶ ሲመለስ ግን አራቱም ብርቱካንማ ሆነው ጠበቁት።

«ገና አልለቀቀም ማለት ነው» ብሎ እንደገና አጠባቸው። ይብሱን ቀሉ። በሦስተኛው እጥበት ላብ አጠመቀው። ሴቶቹ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፤ አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አንዱን ፍርግርግ በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ ሸጎጠና መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ወዳለው ብረት በያጅ ሮጠ።

በያጁ ገልብጦ አየው። «ዶክተር፣ ምን ብታደርገው ነው እንዲህ ራቁቱን ያስቀረኸው?»

«ዶክተር አይደለሁም፤ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው።»

«ብረቱ የሁለቱ ልዩነት የገባው አይመስልም። ጥቁሩ እኮ ልብሱ ነበር! ስንት ዓመት በእሳት የጠጣው ዘይት ነው፤ ገፈፍከው።»

«አማቴ ስድስት ሰዓት ይመጣሉ።»

በያጁ ሳቁን ዋጠ። «እንዲያ ከሆነማ ፍጠን። ዝገቱን ፈግፍግ፤ እሳት ላይ አድርቀው፤ ዘይት ቀባው። ከዚያ ምንም እንዳልቀባህ አድርገህ በጨርቅ ጥረገውና አግለው። ዘይት አታብዛ፤ ሰማህ?»

ሰምቷል። ዝገቱን ሲፈገፍግ ከእያንዳንዱ ፍርግርግ ሥር ቅባት ደፍኖት የኖረ የቀስት ምልክት አገኘ፤ ምድጃው ላይም አቻው አለ። ቀስት ከቀስት አጋጥሞ ገጠማቸው። ቆርቆሮዋ ቦታ አጣችና ኪሱ ገባች። ዘይቱ ላይ ሲደርስ ግን ፍርሃቱ በለጠው፤ ሳይሰስት ቀባ፣ መጥረጉን ረሳ፣ አራቱንም እሳት ለኮሰ።

በሩ ሲከፈት ቤቱ በጭስ ታፍኗል።

«ምን እያቃጠልክ ነው?» አለች ሚስቱ እያሳለች።

«ፍርግርግ።»

«ፍርግርግ ይቃጠላል እንዴ?»

አማቱ መስኮቱን ከፈቱ። ጭሱ ሲሳሳ፣ እስከ ክርኑ በዘይት የራሰ አማቻቸውን በማእድ ቤታቸው መካከል ቆሞ አገኙት።

«እንግዳችን፣ ማን ይንኩ አለዎት?»

ከመዘፍዘፉ እስከ በያጁ ያለውን አንድም ሳያስቀር ተናዘዘ። አማቱ ጉዳታቸውን ሊመረምሩ ድስት ሙሉ ውኃ ጣዱ፤ ግራ እጃቸው እንደ ልማዱ ጆሮውን ጨመደደ። ጥቂት ቆይተው ቀስ ብለው ለቀቁት። ድስቱ ንቅንቅ አላለም። በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ወይ ፍንክች!

«ቆርቆሮዬስ?»

ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው። «ፍርግርጎቹ ተቀያይረው ነበር፤ የግራው በቀኝ ተገጥሞ።»

«ማነው ያቀያየራቸው?»

ጥያቄው አንዴ ከአፋቸው ወጥቷል፤ መልሶ መዋጥ አልተቻለም። በዚህ ማእድ ቤት ከእርሳቸው በቀር ማንም ምንም ነክቶ አያውቅም። ልጃቸው ጣሪያውን መመልከት ጀመረች።

አማቱ ወለሉን አዩ። ከዚያም በበሩ በኩል አሻግረው ሳሎን የተሰቀለውን የባላቸውን ፎቶግራፍ አዩ። «በል እንግዲህ፣ ይቅር በለኝ» አሉት ፎቶግራፉን፤ ደስ ብሏቸው ነው ለማለት ግን አይቻልም። ሽርጣቸውን ከሚስማሩ አውርደው ለአማቻቸው ወረወሩለት።

«ያ በርጩማም ያነክሳል» አሉ፣ ጥግ ያለውን እያመለከቱ። «ና፣ ገልብጠህ እየው።»