የማይሳሳተው ኤንዛይም

የላቦራቶሪው ኃላፊ ከራሱ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ቢኖር ከአንድ ባክቴሪያ ያወጣውን ኤንዛይም ነበር። የኤንዛይሙ ሥራ ዲኤንኤን መገልበጥ ነው፤ ያልሆነ ፊደል ቢያስገባም ወደ ኋላ ተመልሶ ይነቅለዋል። ኃላፊው ታዲያ በየስብሰባው «ይሄ አይሳሳትም» ብሎ ሲምል አፉን ያዝ አያደርገውም። ባልደረቦቹ በሌለበት «አባ እንከን የለሽ» ይላሉ፤ ኤንዛይሙን ይሁን ሰውየውን፣ ለይቶ የጠየቀ የለም።

ሚስቱም እዚያው ተመራማሪ ናት። የምታጠናው መልካቸው የተለወጠ የዲኤንኤ ፊደላትን ነው። «ጂ» የተባለው ፊደል ጥንዱ «ሲ» ነው፤ ኦክስጅን ሲጎዳው ግን ጠባዩ ይቀየራል። የተጎዳ «ጂ» ያለበትን ዲኤንኤ ለባሏ ኤንዛይም ሰጠችው። ኤንዛይሙም ምንም ሳያቅማማ «ኤ»ን ፊት ለፊቱ ዱቅ አደረገ። ስህተት የሚነቅለው የኤንዛይሙ ማረሚያ ክፍል እንኳ አልሸተተውም፤ የተሳሳተው ጥንድ ቁርጥ ትክክለኛውን ይመስላላ!

«ኤንዛይምህ ተሳስቷል» አለችው እራት ላይ።

ማንኪያው አፉ አጠገብ ቀረ። «ውሃሽ ንጹሕ አይሆንም።»

«ውሃውን ቀይሬ ሞክሬዋለሁ።»

«ማሽኑስ?»

«እሱንም ቀይሬያለሁ። ያልቀየርኩት ባል ብቻ ነው።»

አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ ሳቃቸው አመለጣቸው። እሱ ግን ፊቱን አኮሳተረ።

«አንተ ልጅ፣ የተሰደበው እኮ ኤንዛይም ነው፤ እናትህ አይደለችም» አሉት።

«ኤንዛይሜን እስከማቀርብበት ጉባኤ ድረስ ዝም በይልኝ» አላት ሚስቱን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዝም አላለችም። ሁለት ባልደረቦቿ ሙከራውን እንዲደግሙት ሰጠቻቸው፤ ያው «ኤ» ወጣ። ወሬው በየክፍሉ ተዳረሰ። ባሏ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት እንደ ባዳ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋት ጀመር።

የጉባኤው ዕለት መድረክ ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህን ስህተት ከጥንት ጀምሮ ስጠረጥረው ኖሬያለሁ» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሚስቱም ሳታስበው አጨብጭባ ኖሮ፣ በራሷ አፍራ እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ንዴቷ ገንፍሎ ተነሣች።

«ክቡር ኃላፊ፣ ሲጠረጥሩ የኖሩት ውሃዬን ነው ወይስ ማሽኑን?»

የሳቀው ሳቀ። እሱ ብርጭቆውን አንሥቶ እስኪያልቅ ጠጣ።

ጥናቱ ሲታተም ስሟ ከፊት ሆነ፤ ባልደረቦቿ በዚህ አንደራደርም ብለው ነበር። የተቋሙ ዳይሬክተር ደግሞ «ስህተትን በድፍረት ለተቀበለ ሳይንቲስት» የሚል የሽልማት ወረቀት ለባሏ ሰጡት። ሳሎን ሰቀለው። እሷም ጠረጴዛዋን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ አዛወረች።

እናቱ ግድግዳው ሥር ቆመው «ልጄ፣ ምን ይላል?» አሏት።

«ተሳስቻለሁ ስላለ ነው የሸለሙት፣ እማማ።»

«ያውም በሰው ግፊት! አይ ዘመን» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።