ለቅዳሜ ተረት አንባቢ ተገኘ

ቨርና የመኪናዋን የኋላ በር ከፍታ ያንን ትልቅ ሰሌዳ ስታስገባ አርዲስ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ በመስታወት ታያት ነበር። ሰሌዳው ላይ በቀይ ቀለም «ልጆቻችንን ተዉልን!» ተብሎ ተጽፏል። ቨርና የጻፈችው የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አውራ ጣቷ እስካሁን እንደቀላ ነው።

«እንዳይታጠፍ» አለች አርዲስ። ካለፈው ዓመት የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ወዲህ ከሹክሹክታ በላይ አይወጣትም።

«ለእኔ ነው ወይስ ለሰሌዳዬ የምታስቢው?»

«ለሰሌዳሽ። አንቺማ መች ትታጠፊና።»

ቨርና ሳቀች፣ ሞተሩን አስነሳች። ሁለቱ አርባ ዓመት የቆዩ ወዳጆች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ አርዲስ መኪናዋን ከሸጠች ወዲህም ቨርና ሳትመጣ የቀረችበት ቅዳሜ የለም። ዛሬም የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነው፣ ወደ ቤልሞር ቤተ መጻሕፍት። አንደኛዋ ደጁ ላይ ቆማ ልትቃወም፣ ሌላዋ ውስጥ ገብታ ልትፈርድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ጠዋት ለልጆች ተረት የሚነበብበት ሰዓት አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያነበበችው አርዲስ ናት፤ ባሏ የተቀበረበት ቅዳሜ ካልሆነ በቀር አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። ድምፅዋ ሲሄድ ሦስት ሰዎች ተተክተው ሞከሩ። አንደኛው የመድኃኒት ማዘዣ የሚያነብ ይመስል ነበር፣ ሌላዋ በየገጹ ትመክራለች፣ ሦስተኛው ሁለት ቅዳሜ መጥቶ ጠፋ። የሚመጡት ልጆች ከሃያ ወደ አራት ወረዱ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዊኒ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ቀልጣፋ ልጅ፣ «አንባቢ እንፈልጋለን» ብላ ማስታወቂያ ብትለጥፍ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ እጁን ያነሳ አንድ ሰው ብቻ ሆነ። እሱም ራንደል ነው።

ራንደል ሳምንቱን ሙሉ የመነፅር መሸጫ ውስጥ የሚሠራ፣ ዓይን ዓይንህን እያየ ማውራት የሚያፍር የአርባ ዓመት ሰው ነው። ዓርብ ዓርብ ግን ጎረቤት ከተማ ሄዶ ሰው ሠራሽ ፀጉር ይደፋል፣ ቀሚስ ያጠልቃል፣ ተቀባብቶ መድረክ ላይ ይወጣል። ያኔ ስሙ ማዳም ማሪጎልድ ነው። ዊኒ «ለልጆቹስ እንደ ራስህ ሆነህ ብትመጣ?» ብትለው፣ «እንደ ራሴ ከሆንኩ ሁለት ሰው ፊት አፌ ይታሰራል። ማሪጎልድ ግን ፈርታ አታውቅም» አላት።

የቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ አምስት ሰው ነው። ሁለቱ ይምጣ አሉ፣ ሁለቱ በፍጹም አሉ። አምስተኛዋ አርዲስ ናት። «አንድ ቅዳሜ ያንብብ። ወላጅ ፈርሞ፣ ወላጅ አብሮ ተቀምጦ። እኔም አያለሁ፤ ማክሰኞ እንወስናለን» ብላ ሹክ አለቻቸው። እምቢ ከተባለ ሌላ አንባቢ የለም፤ የተረቱ ሰዓት ይዘጋል፣ ክፍሉም የኮምፒውተር ክፍል ይሆናል። አርዲስ ይህን ስታስብ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥታለች።

«ምን የሚታይ ነገር አለ?» አለች ቨርና ድልድዩን ሲሻገሩ። «ወንድ ነው፣ ቀሚስ ለብሷል። አለቀ።»

«ኦርቪልስ? ያንቺው ባል በእሳት አደጋ ቡድኑ ሠርግ ላይ ሙሽራ ሆኖ አልነበረም? ነጭ ቬሎ፣ ከነጢሙ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ።»

ቤልሞር ውስጥ በየዓመቱ ለእሳት አደጋ ቡድኑ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሴት አልባ ሠርግ ይደገሳል፤ ሙሽራዋም፣ ሚዜዎቹም፣ የሙሽራዋ እናትም ጎረምሳና ሽማግሌ ናቸው።

«ያ ሌላ ነው!»

«ምኑ ነው ሌላ?»

ቨርና ጉም የያዘውን የመኪና መስታወት በእጅጌዋ ጠረገች። «ኦርቪል ቀልድ ነበር። ቀልድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይሄ ሰውዬ ግን የምሩን ነው፣ አርዲስ። የልጅ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ሳልዘጋጅ የምትጠይቀኝን ጥያቄ ሌላ ሰው እንዲያመጣብኝ አልፈልግም። ይሄ ክፋት ነው?»

«አይደለም» አለች አርዲስ። እውነቷን ነው። የቨርና ጥያቄ የማንም አያት ጥያቄ ነው።

ደጃፉ ላይ አሥራ ሁለት ያህል ሰው ሰሌዳ ይዞ ቆሟል። ከማዶ ራንደልን የሚደግፉ ስምንት ያህል ሰዎች ባለ ብዙ ቀለም ጃንጥላ ዘርግተዋል። በመካከላቸው አንድ ፖሊስ ቡናውን እየጠጣ ብርዱን ይረግማል። ቨርና ሰሌዳዋን አውጥታ በረዶውን በጫማዋ ጠርጋ ከመስኮቱ ሥር ቦታ ያዘች።

«ሲያልቅ እዚሁ ነኝ» አለቻት። «ሻርፕሽን እሰሪ፤ ጉሮሮሽን።»

የተረቱ ክፍል እንደ ወትሮው ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ማሞቂያው አርዲስ ገና በወጣትነቷ እያለች የተበላሸ ነው። ዊኒ መስኮቱን በሰፊው ከፍታዋለች። ምንጣፉ ላይ ዘጠኝ ልጆች፣ ከኋላቸው ወላጆቻቸው። አርዲስ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ከፊት ለፊት ያቺ አጭር ወንበር፣ የሷ ወንበር፣ ባዶዋን ቆማለች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ማዳም ማሪጎልድ ገባች። ቢጫ ቀሚሱ ክፍሉን ሞላው፤ የተቆለለው ፀጉር የበሩን ጉበን ነክቶ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። አንዲት ልጅ ተነስታ ጮኸች።

«ፀጉርሽ የራስሽ ነው?»

«ገዝቼዋለሁ የኔ ማር፤ የራሴ ካልሆነ የማን ይሆናል?»

ወላጆቹ ሳቁ። ቀጥሎ የዳይኖሰር ጭራ ያሰረ አንድ ብላቴና ክፍሉን ጸጥ የሚያሰኘውን ጥያቄ አመጣ። «ወንድ ነሽ ሴት?»

አርዲስ ትንፋሿን ያዘች።

«ወንድ ነኝ። ዛሬ ማሪጎልድን እየተጫወትኩ ነው። አንተስ ዛሬ ምንድን ነህ?»

«ዳይኖሰር።»

«በል ተዋወቅን።»

ልጁ ረክቶ ተቀመጠ። አለቀ። አርዲስ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ያን ያህል ቀላል ይሆናል ብላ አልጠበቀችም።

የመጣው መጽሐፍ እንደ ድብ ወግ ክረምቱን ሙሉ መተኛት ሲገባው እንቅልፍ እምቢ ስላለው ድብ ነው። ድቡ በበረዶ ላይ እየዞረ የየጎረቤቱን በር ያንኳኳል። ማሪጎልድ አፏን ስትከፍት አርዲስ ሳታስበው ዓይኗን ጨፈነች። እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ድቡ ከደረት ያጉረመርማል፣ ጃርቷ በእንቅልፍ ልቧ ትነጫነጫለች፣ በሩ ራሱ ይንቋቋል። እንዲህ ያለ ድምፅ እሷም በደህናው ዘመኗ አልነበራትም። ቀናች፤ ደስም አላት።

«አይታየኝም!» አለ ዳይኖሰሩ።

አርዲስ ዓይኗን ገለጠች። ማሪጎልድ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስደግፋ ወደ ራሷ አዙራ ነው የምታነበው። ሥዕሉን የሚያየው የቀሚሱ ቢጫ ጨርቅ ብቻ ነው። ልጆቹ ሲጮኹ ገልበጥ አድርጋ ታሳያቸዋለች፣ መልሳ ታዞራለች፣ የት እንደደረሰች ይጠፋታል። ይባስ ብሎ በሙጫ የተለጠፉት ረጃጅም ጥፍሮቿ ገጹን አልይዝ አሉ። ሦስት ገጽ ባንድ ጊዜ ተገለበጠ።

«ድቡ መቼ ነው ወንዙን የተሻገረው?»

«አሁን… ቆይ… አሁን ነው» አለች ማሪጎልድ። ይህ የማሪጎልድ ድምፅ አልነበረም። ራንደል ነው። ከቀለሙ ሥር ላቡ ችፍ ብሏል፣ ዓይኑ ወደ በሩ ያማትራል። ሁለት ልጆች ተነስተው መሯሯጥ ጀመሩ፣ አንዷ አለቀሰች። እጁን አጣምሮ የቆመ አንድ አባት ሰዓቱን አየ።

አርዲስ ገባት። ዝም ብላ ብትቀመጥ ነገሩ በራሱ ጊዜ ይከሽፋል። ማክሰኞ ማንም አይወቅሳትም፤ ቨርና ደስ ይላታል፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰው ፊቱን አያዞርባትም። ልትቀመጥም ከጅሏት ነበር። ግን ጥፋቱን አወቀችው። ቀሚሱ አልነበረም ጥፋቱ። የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በመጀመሪያዋ ቅዳሜ፣ እሷ ራሷ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ ግማሽ ሰዓት አንብባ ልጆቹን በትናለች። ቤቷ ገብታ አልቅሳለች። ይህን ያላጠፋ የተረት አንባቢ የለም።

ተነሳች። በልጆቹ መካከል አልፋ ከሱ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና መጽሐፉን ከእጁ ወሰደች። በትከሻዋ ልክ ከፍ አድርጋ ወደ ልጆቹ ዘረጋችው፤ አውራ ጣቷ ከታች፣ መዳፏ ከጀርባው፣ ሥዕሉን ሳትጋርድ። እጇ አልረሳም።

«ከጎን ነው የሚነበበው» አለችው በጆሮው። «አንገትህን አዙር እንጂ መጽሐፉን አታዙር።»

«ወይዘሮ አርዲስ፣ እኔ… ገጹ ደግሞ…»

«ገጹን እኔ እገልጣለሁ። አንተ አንብብ።»

ራንደል አያት። አንገቱን አዘነበለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ማሪጎልድም ተመለሰች።

ድቡ የጥንቸሏን በር አንኳኳ። አርዲስ በተረከዟ ወለሉን መታ መታ አደረገች፤ ይህ የድሮ ዘዴዋ ነው። «ማን ነው?» አሉ ልጆቹ። «እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ነኝ!» አለች ማሪጎልድ። በሦስተኛው በር ላይ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ ሰዓቱን ሲያይ የነበረው አባትም «ማን ነው?» ይል ነበር። አርዲስ ገጹን የምትገልጠው ቃሉ ከማለቁ ትንፋሽ ያህል ቀደም ብላ ነው፤ ማሪጎልድም ያን ትንፋሽ ጠብቃ ድምፅዋን ታወርዳለች። ማንም አላስተማራቸውም። አርዲስ ከንፈሯ ሳይታወቃት ከቃሉ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ታፍኖ የቆየው ተረቷ በሌላ ሰው ጉሮሮ ሲወጣ ሰማችው፤ ዕንባዋ መጣ፣ ልትጠርገው ግን እጇ ሥራ ላይ ነበር።

ድቡ የመጨረሻዋን ጎጆ ሲያንኳኳ ነፋስ በረዶውን በመስኮቱ አስገባው። አንዲት እናት ተነስታ ዘጋችው።

ሲያልቅ ልጆቹ አልበተን አሉ። ዳይኖሰሩ የማሪጎልድን ጥፍር እየቆጠረ ነው። ራንደል ቀስ ብሎ ወደ አርዲስ ጎንበስ አለ።

«በጣም አመሰግናለሁ። ምናልባት… ከፈቀዱልኝ፣ በሚቀጥለው ጥፍሮቹን ቤት ትቻቸው እመጣለሁ።»

አርዲስ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘግታ መዳፏን አሳረፈችበት።

«አትተዋቸው፣ ልጆቹ ወደዋቸዋል። ገጽ የሚገልጥልህ ሰው አለህ።»

ውጭ ሰልፈኛው ተበትኗል። ቨርና ብቻዋን መስኮቱ ሥር ቆማለች፤ ሰሌዳዋ በበረዶ ርሶ ቀዩ ቀለም ወደ ታች ወርዷል። ሰሌዳውን ከኋላ አስገብታ መኪናውን አስነሳች።

«ማክሰኞ ለሱ እጅሽን ልታነሺ ነው» አለች ቨርና ድልድዩ ጋ ሲደርሱ።

«አዎ።»

«እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው እቆማለሁ።»

«ቁሚ። ወፍራም ካልሲ አድርጊ።»

ቨርና በአፍንጫዋ ተነፈሰች። ድልድዩን ተሻገሩ። የእህል መደብሩን ካለፉ በኋላ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣ «ያንን መስኮት ማን ነው የዘጋው?» አለች።

«ምነው?»

«ምነው ትለኛለች! ድቡ የመጨረሻውን በር አንኳኳ፤ ማን ነው አሉት፤ መስኮቱ ጥርቅም! ግማሽ ሰዓት በረዶ ላይ ቆሜ።» ጉንጯ ቀላ፤ ከብርዱ ብቻ አልነበረም። «ድቡ ነቅቶ የጠበቀው ሰው አገኘ ወይስ አላገኘም?»

አርዲስ ወደ እሷ ዞራ መናገር ጀመረች። የሞተሩ ጩኸት ሹክሹክታዋን ዋጠው። ቨርና መኪናውን ዳር አስያዘችና ሞተሩን አጠፋች።