የጋሽ በሪሁን ቺፑድ

ጋሽ በሪሁን ጡረታ የወጡ የግንባታ ፎርማን ናቸው። ሱሉልታ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው የሕንፃ ኮሚቴውን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። በየእሑዱ ስብከቱ ሲያልቅ ይነሡና «ወገኖቼ፣ አዳራሹ ኮርኒስ የለውም፤ ዝናብ ሲመጣ ቃሉ አይሰማም» ይላሉ። ምእመኑ ራሱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለኮርኒሱ እንደምንም የተገዛው ቺፑድ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል ተደርድሮ፣ ቁልፉ ከእሳቸው ኪስ አይወጣም ነበር።

አንድ እሑድ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሰናይት ማይኩን ተቀበለች።

«ሐሙስ ዕለት አንዲት እናት ከገጠር ስትመጣ ባጃጅ ውስጥ ወለደች። ልጁን አላተረፍነውም» አለች። «የመውለጃቸው ቀን የደረሰ ሴቶች ቀደም ብለው መጥተው የሚያርፉበት ቦታ የላቸውም። ያቺ የጓሮ ክፍል ትሰጠን።»

ጋሽ በሪሁን ብድግ አሉ። «ዕቃውንስ የት ልናደርገው ነው? መጀመሪያ አዳራሹን እንጨርስ እንጂ!»

«ጨርሰን ማንን ልናስገባበት ነው፣ ጋሼ?» አለች ሰናይት፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

ፓስተር ስምዖን «ክፍሏ ትሰጥ» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ መጣ። ብርድ ልብስ፣ ጄሪካን፣ የሕፃን ልብስ መጣ። የሰፈሩ ባለሱቅ ሐምዱ ሙስሊም ነው፤ ወሬውን ሰምቶ አንድ ካርቶን ሳሙና ላከ። ለኮርኒሱ እጁን ዘርግቶ የማያውቀው ኤርምያስ እንኳ አልጋ በጋሪ አስጭኖ ደረሰ። ጋሽ በሪሁን በር ላይ ቆመው ይህን ሁሉ አዩ። ደስ አላላቸውም፤ ከፋቸው። ያን ያህል ጊዜ የለመኑት ሕዝብ ይኸው ነው?

በሳምንቱ ቺፑዱን ወደ ቤታቸው ሊያስወስዱ ጋሪ ይዘው ሄዱ። ክፍሏ ውስጥ የመጀመሪያዋ እንግዳ፣ ዲንቂቱ የምትባል ወጣት ነፍሰ ጡር፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» አለች በኦሮምኛ ሰላም ስትላቸው።

«ፈያ፣ ፈያ። ምነው ተንቀጠቀጥሽ?»

«ቆራ» አለች ወደ ላይ እያመለከተች። እውነትም ብርድ ነው። በግድግዳውና በቆርቆሮው መሃል ንፋሱ እንደ ልቡ ይገባል።

ጋሽ በሪሁን ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት። ሳያስቡት ስፋቱን በዓይናቸው ይለኩ ጀመር። ጋሪውን መለሱት፤ መጋዝና መዶሻ አስመጡ። ዲንቂቱ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስታያቸው ዋለች፤ ሳይመሽ ክፍሏ ኮርኒስ ለበሰች። ለአዳራሹ ከታሰበው ቺፑድ የቀረው ትንሽ ነው።

የኮሚቴው ጸሐፊ የወይንሐረግ ስታየው ተቆጣች።

«ይሄ የአዳራሹ ነበር እኮ! በማን ፈቃድ ነው?»

«በማንም። ሰው በርዶት ነው» አሏት። ለረጅም ጊዜ ከሰላምታ በቀር አላናገረቻቸውም።

ዲንቂቱ በጤና ጣቢያው ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። እሷ ስትወጣ ሌሎች ተተኩ። አንድ ቀን ጋሽ በሪሁን የክፍሏን በር ማጠፊያ ሲያጠብቁ፣ አንድ ሰው ሚስቱን ረምዚያን ደግፎ መጣና ከደጁ ቆመ።

«አባት፣ እኛ ሙስሊሞች ነን። ችግር ይኖረው ይሆን?»

«ብርድ ልብስ ይዛችኋል?»

«አልያዝንም።»

«ግቡ፣ እዚህ አለ» አሉና በሩን ከፍተው ያዙላቸው።