ማልቀስ ያቆመው ግድብ

ስልኩ ሲጠራ ኢንጂነር ናዝራዊት ቡራዩ ውስጥ በተከራየቻት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆማ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። የደወሉት ኦቦ ቦጂያ ናቸው፤ ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ የተሠራውን አዲሱን የአፈር ግድብ የሚጠብቁት ሽማግሌ።

"ናዚ! አከም ቡልቴ፣ ደህና አደርሽ? የምሥራች!" አሉ እየጮኹ። "ግድቡ ማልቀስ አቆመ!"

"ምን አሉኝ?"

"አቆመ አልኩሽ! ጠብታ የለም። ትናንት መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ጭቃ ረግጦ፣ ድንጋይ ደርድሮ ድፍን አደረገው። ምስኪን፣ ስንት ቀን ብቻውን ያልቅስ?"

ክሩን ለቀቀችው። "ኦቦ ቦጂያ፣ የደፈናችሁትን አሁኑኑ ..." መስመሩ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች። ጥሪው አልገባም። ስልኩን ሰደበችውና ሮጠች።

ጥፋቱ የራሷ ነበር። በሐምሌ፣ የግድቡ ሐይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ መያዝ ሲጀምር፣ መንደርተኛው ከግድቡ ግርጌ ውሃ ሲንጠባጠብ አይቶ ደነገጠ። ናዝራዊት የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጣት ቸኩላ ስለነበር፣ "አይዟችሁ፣ የአፈር ግድብ ሁሉ ያለቅሳል" ብላቸው ሄደች። አምስት ዓመት የተማረችውን በአንድ ቃል ገላገለችው። በግድቡ መሃል የተጠቀጠቀው ሸክላ አፈር ውሃን ያዘገያል እንጂ ጨርሶ እንደማይከለክል አልነገረቻቸውም። ሾልኮ የሚያልፈው ጥቂት ውሃ አሸዋና ጠጠር ውስጥ ገብቶ፣ አፈሩን እዚያው ትቶ፣ በግርጌው ቦይ መውጣት እንዳለበትም አልነገረቻቸውም። በዚያ አገር ደግሞ የሚያለቅስ ሰው ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ይመጣል፣ ክንድ ይይዛል፣ "በቃ፣ ይብቃህ" ይላል። ግድቡንም እንደዚያው አባበሉት።

ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ፤ ሦስት ሚኒባስ። ሦስተኛው ላይ ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ሲለፈልፍ ትዕግሥቷ አለቀ።

"የባዶውን ወንበር እኔ እከፍላለሁ፣ በለው ይንዳ!"

"እህቴ፣ ሙሽራው እየጠበቀሽ ነው?"

"ጎርፍ ነው የሚጠብቀኝ!"

ከሱሉልታ የመንደሩን ልጅ የጃለታን ባጃጅ ይዛ ግድቡ ጋ ስትደርስ ሰዉ ግድቡ ዳነ ብሎ ነጭ ለብሶ ዳቦ ይቆርሳል። ሐይቁ ጢም ብሏል፤ ትርፍ ውሃ በጎን የሚወርድበት ማስተንፈሻ ጫፍ ለመድረስ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ታች ግርጌው ላይ ግን፣ ኦቦ ቦጂያ በየጠዋቱ የውሃውን ከፍታ የሚያነቡበት ባለ ቁጥር ብረት ደርቆ ቆሟል።

"ነይ ዳቦ ቅመሺ!" አሉ አደ ወርቅቱ። ከግድቡ በታች የመጀመሪያው ቤት የእሳቸው ነው።

ናዝራዊት አልሰማቻቸውም። የግድቡን ደረቅ ጀርባ እየቧጠጠች ወጣች። ግማሽ ላይ ስትደርስ፣ ባለፈው ሳምንት እንደ አስፋልት የረገጠችው ሣር ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ዋጣት። እግሯን ስትነቅል ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። በሩን የዘጉበት ውሃ ግድግዳው ውስጥ ሽቅብ እየወጣ ነው! ከፍርሃት ይልቅ እጅ ከፍንጅ የያዘችው ያህል ደስ አላት። አሁን የት እንዳለ ታውቃለች።

"የመስኖውን ማውጫ ክፈቱ! እስከ መጨረሻው! ሐይቁ ዝቅ ይበል!"

ጃለታ ሳቀ። "በነሐሴ መስኖ? ኢንጂነር፣ ሽንኩርቱ እኮ ጃንጥላ ይዟል!"

ኦቦ ቦጂያ አልሳቁም። "ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀምነውን ልታፈሺው? በጋ ላይ ከብቱ ምን ይጠጣል? ጎመኑስ?"

"ግድቡ ከሄደ በጋም ከብትም የለም! ውስጡ ያለው ግፊት ..." ጀመረችና ፊታቸውን አየች። ማንም አልተከተላትም። አንድ ቃል አጥፍቷል፤ ሌላ ቃል ያስፈልጋታል፣ ያውም ቶሎ። ዓይኗ አጥሩ ሥር በቆመው የኦቦ ቦጂያ በሬ ላይ አረፈ።

"ኦቦ ቦጂያ፣ በሬዎ ሽንቱ ቢያዝበት ምን ይሆናል?"

"ያብጣላ።"

"ከዚያስ?"

"ሆዱ ውስጥ ይፈነዳል። ይሞታል።"

"ይሄም ሽንቱ ተይዞበታል። የደፈናችሁት ዓይኑን አይደለም!"

ኦቦ ቦጂያ የያዙትን ዳቦ ለጃለታ አሸክመው ዶማቸውን አነሱ። "ምን ትገተራለህ! ሂድ ማውጫውን ክፈት!"

ጃለታ ዳቦውን በአፉ ነክሶ ሮጠ። ናዝራዊት ወደ አደ ወርቅቱ ዞረች። "እርስዎ ከታች ያለውን ሰው በሙሉ ኮረብታው ላይ ያውጡልኝ። እስክጠራችሁ እንዳትወርዱ።"

"ዶሮዎቼስ?"

"ዶሮዎችዎም!"

ማውጫው ሲከፈት ውሃው እያገሳ ወደ ወንዙ ወረደ። ሐይቁ ጣት በጣት መጉደል ሲጀምር ግርጌው ላይ ድፍኑን መቆፈር ተያያዙት። "ጭቃውን ብቻ! ጠጠሩን እንዳትነኩ፣ ጠጠሩ ወንፊቱ ነው!" እያለች ከጎናቸው በእጇ ጭምር ትዝቅ ነበር። የመጨረሻው ድንጋይ ሲነሳ ውሃው ጭቃውን ገፍቶ ወጣና የኦቦ ቦጂያን ጉልበት መታው። ሰዉ ጮኸ።

ቡናማ ነበር። ናዝራዊት በላስቲክ ጠርሙስ ቀዳችው፤ አተላ ይመስላል።

"ጥሩ ነው?" አሉ ኦቦ ቦጂያ።

"አላውቅም። የእናንተ ጭቃ ከሆነ ታጥቦ ይጠራል። ካልጠራ ግን ከግድቡ ሆድ እየተበላ የሚመጣ አፈር ነው።"

"ያኔስ?"

"ያኔ እኛም ከዶሮዎቹ ጋር ነን።"

ሁለተኛው ጠርሙስ ሻይ መሰለ። ሻይ ምንም አይነግርም። ኮረብታው ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ታች ይመለከታል። ናዝራዊት ሰዓቷን አሥር ጊዜ አየች፤ አሥር ደቂቃ አልሞላም። መጠበቅን ነፍሷ ትጠላለች፣ ውሃ ደግሞ በማንም ችኮላ አይጠራም።

ሦስተኛውን ቀዳች። የኦቦ ቦጂያን መመዝገቢያ ደብተር ተቀብላ ከጠርሙሱ ጀርባ ያዘችና በውሃው ውስጥ አሻግራ አነበበች።

"ነሐሴ አሥራ አንድ ... ስድስት ሴንቲ። ... ነሐሴ አሥራ ሁለት ..." ድምጿ ከፍ አለ። "እያንዳንዷ ፊደል ትነበባለች! የእርስዎ ጽሕፈት እንኳን ይነበባል!"

"ጽሕፈቴ ምን ሆነ?"

ናዝራዊት ጠርሙሱን ሽቅብ ይዛ እንደ ልጅ እየዘለለች ነበር። ውሃው ብረቱ ላይ አሥራ አራት ሴንቲ ከፍ ብሎ፣ ጥርት ብሎ፣ እየተንፎለፎለ ይወርዳል። የግድቡ ጀርባ እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል፤ እስከዚያ እዚሁ ታድራለች። ዛሬ ማታ ሁሉንም ሰብስባ፣ ከሸክላው እስከ ጠጠሩ፣ አንድም ሳታስቀር ትነግራቸዋለች።

ኦቦ ቦጂያ ደብተራቸውን ተቀብለው እስክሪብቶ አወጡ፣ ቀስ ብለው ጻፉ። ናዝራዊት ከትከሻቸው በላይ አየች።

"ነሐሴ 14። ግድቡ ሸና።"

"ቁጥሩንም ይጨምሩ" አለቻቸው።

ከኮረብታው የአደ ወርቅቱ ድምፅ መጣ። "እንውረድ ወይስ ለዶሮዎቼ እዚሁ ቤት ልሥራ?"

"ውረዱ!" አሉ ኦቦ ቦጂያ፣ ጭቃ የለበሰ ዶማቸውን ወደ ላይ አንስተው። "ተንፍሷል! ውረዱ!"