መርዶ ወደ ማጂ

«በሐዘን ቤት መፍቻ ይያዛል እንዴ?» አሉ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ካሣዬ፣ ከድንኳኑ ብቅ ብለው።

ረድኤት ከአባቷ አሮጌ ፒክአፕ ሥር እንደተጋደመች፣ «ሰልስት ወጥቷል፣ ጋሼ። አክስቴን ማን ያርዳልኝ?» አለች።

የአባቷ የጥበቡ ታላቅ እህት፣ እትዬ ወሰንየለሽ፣ ማጂ ናቸው። ወገባቸውን ስለሚያማቸው አውቶቡስ አይችሉም፤ በስልክ የሚያረዳቸው ደፋር ደግሞ አልተገኘም። ጥበቡ «መኪናዋ ትነሣ እንጂ ራሴ መጥቼ ወደ ሚዛን አመጣሻለሁ» ብሏቸው ነበር። ሞተሩን እንደከፈተ፣ «ደረቴን» እንዳለ ቀረ።

የዘይት ፓምፑን የሚያዞረውን የብረት ጥርስ፣ ጊሩን፣ አውጥቶ መዳፏ ላይ ያስቀመጠላት በዚያው ሰሞን ነው።

«ዳስሺው። ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ጫፉ ግን ሳስቷል። ፓምፑ ካልዞረ ዘይት አይወጣም፤ ዘይት ካልወጣ ሞተሩ ራሱን ይበላል።»

«ይኼን ብቻ ብንቀይረውስ፣ አባዬ?»

«አይሆንም ልጄ። አብሮት የሚዞረውም አርጅቷል። አሮጌው አዲሱን ያበላሸዋል፤ አብረው ነው የሚቀየሩት።»

ገዝቶ ያስቀመጣቸውን ሁለቱን ጥርሶች አሁን እሷ ገጠመቻቸው። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ፤ «አንጀቷ እንዴት ቻለ?» ትላለች አንዷ። ረድኤት አዲስ ዘይት ሞላች፤ ነዳጁን ዘግታ ሞተሩን በባዶው አሾረችው። የዘይት መለኪያው ቀስት ንቅንቅ አልል አለ። ትንሽ አሳርፋ ደገመችው። ቀስቱ ተንቀጠቀጠና ሽቅብ ወጣ።

«አባዬ፣ ወጣ!»

ቃሉ አመለጣት። ከሞተሩ ወዲያ ቀና ብሎ የሚስቅላት ሰው አልነበረም። ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ያን ጊዜ አለቀሰች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከጋሽ ካሣዬ ጋር ተነሡ። የሚዛንን ቡና አልፈው፣ ቱምን አቋርጠው፣ የማጂን ዳገት ተያያዙት። መኪናዋ አልደከመችም።

እትዬ ወሰንየለሽ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ለይተውት ኖሮ፣ ምርኩዛቸውን ጥለው ከደጅ ወጡ።

«ጥበቡ! መጣህልኝ?»

የሹፌሩ በር ተከፈተ። ጥቁር የለበሰች ረድኤት ወረደች፤ ከወዲያኛው በር ጋሽ ካሣዬ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው።

እትዬ ወሰንየለሽ አልጮኹም። ቀስ ብለው ቀረቡና መዳፋቸውን የሞቀው ኮፈን ላይ አሳረፉ። እስኪበርድ ድረስ አላነሡትም።